ስልሳ ልጅ ይዤ ወደ ወጨጫ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አዲስ አበባ ውስጥ የ9ኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ኅዳር ላይ 60 ተማሪዎች ይዤ መናገሻ ሱባ ደን ሄጄ ወጨጫ ተራራን ልንወጣ ነው። ርእሰ መምህራችን «ሽርሽር ሆኖ እንዳይቀር» ብለዋል። ልጆቹ ጫፍ ላይ ፎቶ ካልተነሣን ብለው ካሁኑ አብደዋል። ወላጆች ደግሞ ከፍታው ያማቸዋል ብለው ይሰጋሉ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጎሽ! ልጆቹን ከጥቁር ሰሌዳው የሚያላቅቅ መምህር አሁንም አለ ማለት ነው።

ከወላጆቹ ልጀምር። ልጆችህ ያደጉት 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወጨጫ ከ3,300 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከጅቡቲ ብታመጣቸው ሌላ ነገር ነበር። የእኛዎቹ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ አንዳንዱን ራሱን ያመዋል፣ በቃ። የሚያስታውክ ወይም የሚንገዳገድ ካየህ ግን ወዲያው ወደ ታች ነው። «ትንሽ ይረፍና» የሚባል ነገር የለም። አስም ያለበት ልጅ የሚስበውን መድኃኒት በኪሱ ይያዝ፣ አውቶቡስ ላይ እንዳይተወው። እኔን ከከፍታው ይልቅ ያስቸገረኝ ባዶ ሆድ ነው። በጉጉት ሌሊቱን ሳይተኙ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ይመጣሉ።

ጫፉን ግን ቃል አትግባላቸው። እኔ ገብቼ ጉድ ሆኛለሁ። ሚያዝያ ነበር፣ 42 ልጆች። ጎበዞቹ ከፊት ሮጡ፣ እኔም አላረጀሁም ለማለት አብሬ ሮጥኩ። 8 ሰዓት ላይ ጉም ወረደ፣ ከጉሙ ኋላ በረዶ። ወርደን ስንቆጠር 41። አንዷ ልጅ አዲስ ጫማ ተረከዟን ልጧት ኮሶ ሥር ቁጭ ብላ ቀርታለች። የደኑ ጥበቃ ፈልጎ ይዟት እስኪመጣ 40 ደቂቃ ፈጀ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ለእናቷ ምን ብዬ እንደምደውል አወጣ አወርድ ነበር።

በማግሥቱ ደብተሮቹን ሰበሰብኩ። ጫፍ የደረሱት የጻፉት «ተራራው በጣም ያምራል» ነው። እሷ ግን ጥዱ ከታች ቀርቶ ኮሶ እንደበዛ፣ በቅርንጫፎቹ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር እንደተንጠለጠለ፣ ጉሬዛዎቹ የትኛው ዛፍ ላይ እንደነበሩ ሁሉ ጽፋለች። አንደኛ ሰጠኋት። ካሣ መስሎባት ይሆን እያልኩ እስከዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ ከፊት የምታስመራው ቀርፋፋውን ልጅ ነው። ጎበዙ ከኋላው እየተነጫነጨ ይከተል። መጨረሻ ላይ አንድ መምህር፤ ከእሱ ኋላ ማንም እንዳይቀር። ሁለት ሁለት አጣምራቸውና በየዕረፍቱ ቁጠር። 7 ሰዓት ሲሆን የትም ብትደርሱ ትመለሳላችሁ።

ለትምህርቱ ምንም ውድ ነገር አያስፈልግህም። ቴርሞሜትር ካለህ ታችም ላይም ለካ። በ1,000 ሜትር 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል የምንለው እዚያ ይታያል፤ ፀሐይ ላይ አድርገህ እንዳትሳሳት ብቻ። እያንዳንዱ ቡድን የታሸገ ብስኩት ይያዝ። ታች እያሉ ማሸጊያውን ይዳስሱት፣ ላይ ሲደርሱ እንደገና። ከረጢቱ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ያገኙታል። ከዚያ ብስኩቱን ይብሉት፣ ምን ያደርጉታል!

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው የሃይላንዱን ነው። የደረሳችሁበት ከፍተኛ ቦታ ላይ ውሃው ያለቀ ሃይላንድ ክዳኑን ጥብቅ አድርገህ ዝጋ፣ ለአንድ ተጠራጣሪ ልጅ ስጠው። ማንም እንዳይነካው በል። እየወረዳችሁ ስትሄዱ ጎኑ መሰርጎድ ይጀምራል። አውቶቡሱ ጋ ስትደርሱ አንድ ሰው በእጁ የጨመቀው ይመስላል። ውስጡ ያለው የላይኛው ስስ አየር ነው፣ ከውጭ የሚጫነው የታችኛው። አንዴ አንዱ ተማሪዬ «ተቀምጠህበት ነው» ተብሎ ሊደባደብ ነበር። የአየር ግፊትን ሰሌዳ ላይ 20 ዓመት ሥያለሁ፤ እንደዚያ ቀን የገባቸው ጊዜ የለም።

ስለ ደኑም ንገራቸው። ወጨጫ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ እየረገጡት ያለው ድንጋይ አንድ ጊዜ ፈሳሽ ነበር። ጥዱን ደግሞ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሸዋ ወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ከታች ጥድ፣ ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያ አስታ። ዛፉ በተለወጠ ቁጥር አስቁማቸውና ይጻፉ። ሰማዩ ከጠራ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ዝቋላን አሳያቸው።

ኅዳር መምረጥህ ጥሩ ነው፤ ዝናቡ አልፏል፣ እይታው ጥርት ያለ ነው። ጠዋት ግን ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ሹራብ ይያዙ። አዲስ ጫማ ክልክል፣ ሸበጥም ክልክል። ለደኑ ጽሕፈት ቤት አስቀድመህ ደውልና አስጎብኚ ጠይቅ።

ለሹፌሩም ምሳ ቋጥርለት። የራበው ሹፌር ከ8 ሰዓት ጀምሮ ክላክስ ያደርጋል።