መዳብ ልብጥ ወይስ ፖሊመር ቅብ? ለሚኒሶታው ወንድማችን፣ ከደሴ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ያየሁት አሁን ነው። ሚኒሶታ ሆነህ ለ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥህ ጥይት ራስህ መልሰህ እንደምትሞላ፣ ማለትም በተተኮሰው ቀለህ ላይ አዲስ ባሩድና አረር እንደምታስገባ ጽፈሃል። አረሩን፣ ማለትም ተተኩሶ የሚሄደውን የእርሳስ ፍሬ፣ መዳብ የተለበጠውን ልግዛ ወይስ ፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ሽፋን) የተቀባውን ብለህ ጠይቀህ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ለመውሊድ ወሎ ስገባ ለአጎቴ ጥቂት ይዤለት ብመጣስ?» ብለሃል። «ሁለቱም ያው ነው» ብለው የመለሱልህ ሰዎች ፕሬስ የሚባለውን የጥይት መሙያ ማሽን በእጃቸው ነክተው የሚያውቁ አልመሰለኝም። እኔ ጠቅልዬ ደሴ ከመግባቴ በፊት ዴንቨር ስኖር የቅዳሜ ሥራዬ ይኸው ነበር። ሰፈር ውስጥ «ቀለህ ለቃሚው» ነበር የምባለው፤ ይስቁብኝ የነበሩት ሰዎች በፈረንጆቹ 2020 ጥይት ከመደብር ሲጠፋ በሬን ማንኳኳት ጀመሩ።

ባጭሩ ቅቡን ግዛ። ለምን ካልክ፦

1. ዋጋ። ልብጡ ጃኬት ከለበሰው (ወፍራም የመዳብ ቆዳ ካለው አረር) ይረክሳል፣ ቅቡ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከልብጡ ይረክሳል። ግን መላኪያውን አትርሳ። ባለ 124 ግሬኑ (8 ግራም ገደማ) አረር 1,000ው 8 ኪሎ ይመዝናል፤ በድረ ገጹ ላይ ርካሽ ያልከው ቤትህ ሲደርስ ሌላ ዋጋ ይሆንብሃል። ቅቡን የሚጋግሩ ትንንሽ ሠሪዎች በየግዛቱ ስላሉ ሄደህ የምታነሣበት ቦታ ፈልግ።

2. ፍጥነት። ልብጥ ማለት ለስላሳ እርሳስ በኤሌክትሪክ መዳብ ለብሶ ማለት ነው። ቆዳው ስስ ስለሆነ ለተለመደው ልብጥ በሰከንድ 1,250 ጫማ ገደማ ጣሪያ የሚያስቀምጡ ሠሪዎች አሉ። አንተን አያሳስብህም፤ 124 ግሬኑ በ9 ሚሊ ሜትር ብዙውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው የሚበርረው። አረሩን ይበልጥ በፍጥነት የሚያበርረውን ባለ 357 ማግነም ጥይት ለመሙላት ካሰብክ ግን ተራውን ልብጥ ተወው። ቅቡ ሌላ ነው፤ አንቲሞኒ የገባበት ጠንከር ያለ እርሳስ ቀልጦ በቅርጽ ይወጣና ሽፋኑ ምድጃ ውስጥ ይጋገርበታል። በርሜል ውስጥ ስለሚንሸራተት በዚያው ባሩድ ትንሽ ፈጠን ይላል።

ባሩዱን በተመለከተ ለቅቡ የእርሳስ አረር የባሩድ መጠን ሠንጠረዥ ተከተል። ለልብጡ የእርሳሱን፣ አለበለዚያም ከጃኬቱ ሠንጠረዥ ከታች እስከ መካከል ያለውን ያዝ። ለሁለቱም ከዝቅተኛው ጀምር። ልብጥን በጃኬት ከፍተኛ መጠን የሚሞላ ሰው ሲተኩስ እኔ አጠገቡ አልቆምም።

3. የቀለሁን አፍ አጨማመቅ፣ ማለትም አረሩ ከገባ በኋላ አፉን መልሶ በዙሪያው መግጠም። እዚህ ላይ ልብ በል፣ ገንዘብ የሚያልቀው እዚህ ነው። ዴንቨር አብሮን የሚተኩስ አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ነበር፤ ቅናሽ ሲያይ ልቡ የማይችል። ልብጡን በካርቶን አስጭኖ መጣ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ኢላማው ላይ ያለው ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀረ፤ አረሩ አየር ላይ እየተገለበጠ ወረቀቱን በጎኑ ይቀድደዋል። እሱ ሽጉጡን ጠረጠረ። ወደ አንድ መሣሪያ አዳሽ ወሰደው፤ ሰውየው አንዲት ጥይት እንኳ ሳይፈታ «በርሜልህ አልቋል» ብሎ አዲስ በርሜል ሸጠለት! ልጁ በአዲሱ በርሜል ተኮሰ፣ አሁንም ያው።

ያኔ ነው ወደ እኔ የመጣው። አንዷን ጥይት አረሩን ከቀለሁ ለማላቀቅ በተሠራው ልዩ መዶሻ ፈታሁለት። አረሩ ወገብ ላይ ክር ታስሮበት የቆየ ጣት የመሰለ ቀለበት ተሠርቷል፣ መዳቡም እዚያው ላይ ተቆርጦ እርሳሱ ይታያል። ካሊፐር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ስለካው የቀለሁ አፍ በውጭ በኩል 0.372 ኢንች ሆነ። ለ9 ሚሊ ሜትር ከ0.378 እስከ 0.380 ነው መሆን ያለበት። ለካስ ጥብቅ ካለ ጥሩ ይመስለዋል! ነገሩ ግልባጭ ነው። ነሐሱ ሲጨመቅ መልሶ ይለጠጣል፣ በውስጡ ያለው ለስላሳ እርሳስ ግን እንደተጨመቀ ይቀራል። ስለዚህ ባጠበቅኸው ቁጥር አረሩ ይላላል። የላላ አረር ሽጉጡ ሲያጎርስ ወደ ቀለሁ ውስጥ ገፋ ሊል ይችላል፤ ያኔ የባሩዱ ቦታ ይጠብና ግፊቱ ይወጣል። በጎኑ መምታቱ ቀላሉ ጣጣ ነው፤ እጅ የሚያሳጣው ይሄኛው ነው።

የመጨመቂያውን ዳይ (ፕሬሱ ላይ ታስሮ ቀለሁን ቅርጽ የሚያስይዘውን ብረት) ትንሽ መለስ አደረግሁለት፣ አረሩ እንዲገባ ሰፋ ተደርጎ የነበረው አፍ ቀጥ እስኪል ብቻ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ክብ ነበሩ። ታዲያ እስከ ዛሬ ስንደዋወል «በርሜሉም ረድቶኛል» ይላል። ለከፈለው ብር ሲል ነው እንጂ እሱም ልቡ ያውቀዋል።

ቅቡም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ብዙውን ጊዜ ቅቡ 0.356 ኢንች፣ ልብጡ 0.355 ነው። ለልብጥ ባስተካከልከው ዳይ ቅቡን ብታስገባው የቀለሁ አፍ ሽፋኑን ይልጠዋል። አፉ ዙሪያ ቀይ ወይ ሰማያዊ ፍርፋሪ ካየህ ምክንያቱ እሱ ነው። የቀለሁን አፍ ትንሽ ጨምረህ ክፈት። ሽፋኑ ከተላጠ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ባለው ጥምዝ መስመር ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ በሽቦ ብሩሽ እያሻሸህ ታመሻለህ። አረር በቀየርክ ቁጥር ዳዮቹን እንደ አዲስ አስተካክል፤ አንዷን ሙላና መልሰህ ፍታት፣ ካሊፐር አግባበት፣ በርሜሉ ውስጥ በራሷ ክብደት ገብታ መውጣቷን እይ። ከማታውቀው ሠሪ ስትገዛ ደግሞ ጨርቅ አሴቶን ነክረህ ቅቡን እሸው፤ ቀለም ከለቀቀ በደንብ አልተጋገረምና መልስለት።

ሽጉጥህ ግሎክ ከሆነ ባዶ እርሳስ እንዳትሞክር፤ ቅቡ ሽፋኑ ካልተላጠ እኔ ያየሁበት ችግር የለም። ፋብሪካው ራሱ ግን ተመልሶ የተሞላ ጥይት ጭራሽ አትጠቀሙ እንደሚል እወቅ። ቀለህ ካጠብክና ካበጠርክ በኋላ እጅህን ሳትታጠብ ልጆች አትንካ፤ የእርሳሱ ብናኝ ካጠቆረው ቀለህም ይነሣል።

4. የአጎትህ ጉዳይ። አታምጣ! አንዲት አረር እንኳ አታምጣ። «ባሩድ የለውም፣ የእርሳስ ፍሬ ብቻ ነው» እንደምትል አውቃለሁ፤ ቦሌ ላይ ሻንጣህን የከፈተው ሰው ያንን ቆሞ አይሰማህም። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ ማስገባትንም ማምረትንም ይከለክላል። ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ያሳለፉትን ታውቃለህ። እዚህ ጓዳው ውስጥ ጥይት የሚሞላ ሰው ተብለህ ስምህ ከወጣ የስፖርት ነገር መሆኑን የምታስረዳው ለማን ነው?

እኔ ስመለስ አጎቴን ይዤ ሕጉን ልጠይቅ ብዬ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሽጉጣቸው ፈቃድ ያለው ነው፣ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ወንበር እንኳ አልተሰጣቸውም። ጠዋት «ሲስተም የለም» ተባልን፣ ከሰዓት «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ በማግስቱ ደግሞ ፎቶ ኮፒው ደብዛዛ ነው ተባለ። በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ለተቀመጠው ልጅ ጥይት መልሶ መሙላት የሚባል ነገር አሜሪካ እንዳለ፣ እዚህ ፈቃድ ይኖረው እንደሆን ጠየቅሁት። ቀና ብሎ አየኝና «ፋብሪካ ልትከፍት ነው የመጣኸው?» አለ። ወዲያው ሌላ ሰው ጠርቶ የሰውየውን ስምና አድራሻ መዝግብ አለው። ሕግ ልጠይቅ የሄድኩ ሰው ተጠርጣሪ ሆኜ ወጣሁ። አጎቴ ደረጃውን ሲወርዱ «አብሽር፣ እኔ እንደሆነ ከገዛሁት ጀምሮ ተኩሼበት አላውቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ያለቻቸው ጥይት እስከ ዕድሜያቸው ትበቃቸዋለች።

የአንተም አጎት ከዚህ የራቁ አይመስለኝም። ጫማ አምጣላቸው፣ ጥሩ ጋቢ እዚሁ ትገዛላቸዋለህ። መሣሪያህን ግን ሳትነካካው ሚኒሶታ ቆልፈህበት ና።

አሁን የምትሞላውን አንዷን ፍታና አረሩን በብርሃን አዙረህ ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ሥር ለጥፍ፤ የካሊፐሩንም ቁጥር ጻፍ። ቀለበቱን ካየሁት ዳይህን ወደየት እንደምታዞረው እነግርሃለሁ።