እግዚአብሔርን «ደህና ነኝ» አትበሉት

ከአገር ቤት ሲደወል የሁላችንም መልስ አንድ ነው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ ቢጓተት፣ ሥራው ቢጠፋ፣ እንቅልፍ እምቢ ቢል፣ ደህና ነን። እናት እንዳትጨነቅ ነው፤ ይገባኛል። የሚከፋው ይህንኑ መልስ ይዘን ለጸሎት ስንቆም ነው። ስደትን ረዘም ላለ ጊዜ ካየ ሰው አንድ ምክር የምትቀበሉ ከሆነ፣ ለእግዚአብሔር እንኳ እውነቱን ንገሩት።

ደግሞም የሰው ኑሮ እንግዳ የሆነበት አምላክ አይደለም። ጌታ ሕፃን ሳለ ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽቶ ግብፅ ተሰዷል። ተርቧል፣ ደክሞታል፣ በተያዘባት ሌሊት ደቀ መዛሙርቱ ጥለውት ሸሽተዋል። ዕብራውያን 4፥15 «በድካማችን ሊራራልን የማይችል ሊቀ ካህናት የለንም» የሚለው ለዚህ ነው። በነገር ሁሉ እንደ እኛ ተፈትኗል፤ ከኃጢአት በቀር።

እኔ ግን ሲከፋኝ ቶሎ የምገልጠው ዮሐንስ 11ን ነው። በተለይ መርዶ በስልክ የደረሰው ሰው ይህን ምዕራፍ ቀስ ብሎ ያንብበው። አልዓዛር ታመመ፤ እህቶቹ ወደ ጌታ ላኩበት። እሱ ግን ቶሎ አልመጣም። ሲደርስ አልዓዛር ከተቀበረ 4 ቀን ሆኖታል። ማርያም እግሩ ላይ ወድቃ «ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አለችው። ይህ ወቀሳ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? «እዚያ ብሆን ኖሮ» እያልን ራሳችንን የምንቀጣበትን ነገር እሷ ለራሱ ለጌታ ነው ያለችው።

አልተቆጣትም። «እምነትሽ የት አለ?» አላላትም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወንድሟን እንደሚያስነሳው እያወቀም «አይዞሽ፣ አታልቅሺ» ብሎ አላለፋትም። «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ» ይላል። መፍትሔው በእጁ እያለ አለቀሰ! እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። የእኛ ሰው «ጠንከር በል፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» ሲላችሁ ይህን አስታውሱት።

ስለዚህ ጸሎት ሲያቅታችሁ ቃል አታሳምሩ። «ጌታ ሆይ፣ ከብዶኛል» ካላችሁ በቂ ነው። እሱም ካልወጣ መዝሙረ ዳዊትን ክፈቱ። «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» የሚል ጸሎት እዚያ አለ። መዝሙር 88 ደግሞ እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው፤ የምስጋና መዝጊያ እንኳ የለውም። እንዲያም ሆኖ ከቅዱስ መጽሐፍ አልወጣም።

ታዲያ «ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ፣ ሰው ምን ያደርግልኛል» ማለት ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስት ደቀ መዛሙርቱን ወስዶ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏቸዋል፤ አብራችሁኝ ትጉ ብሎ ለምኗቸዋል። እነሱ እንቅልፍ ጣላቸው እንጂ እሱ መጠየቁን አላፈረበትም። ለንስሐ አባት፣ ለመጋቢ፣ ለምታምኑት ጓደኛ ንገሩ። ሐዘኑ ከምግብና ከሥራ ካገዳችሁ፣ ወይም መኖር ካስጠላችሁ፣ ዛሬውኑ ሐኪም አነጋግሩ። ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማነስ አይደለም።

ወዳጃችሁ ሐዘን ላይ ከሆነም «ለበጎ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። እውነት ሊሆን ይችላል፣ ሰዓቱ ግን አይደለም። ሄዳችሁ አብራችሁት ተቀመጡ፤ ካለቀሰ አልቅሱ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው አያጣም፤ ሁሉም ይመጣል፣ ይደውላል። ወር ሁለት ወር ሲያልፍ ነው የሚጠይቀው የሚጠፋው። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉና ያኔ ደውሉለት።