ጥያቄና መልስ፦ ለከተማ ዳር ዳታቤዝ አስተዳዳሪዎች

ከለገጣፎ፦ ጋሼ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ሰርቨር የሚሠራው ፖስትግሬስ በሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ (የመጠባበቂያ ባትሪው) ዐሥር ደቂቃ ያህል ይይዝና ሰርቨሩ ድርግም ይላል። ፍጥነት እንዲጨምር ደግሞ «ኤፍሲንክን አጥፋው» ብለውኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ኤፍሲንክን እንዳትነካው። ግብይቱ ዲስክ ላይ ማረፉን የሚያረጋግጠው እሱ ነው። ካጠፋኸው፣ መብራት ሲሄድ የመጨረሻዎቹ ግብይቶች መጥፋት ብቻ አይደለም፤ ዳታቤዙ ራሱ ተበላሽቶ አልነሳም ሊል ይችላል። ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር አገናኝና ናት የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫን፤ ባትሪው ግማሽ ሲደርስ ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲዘጋ እዘዘው። የፖስትግሬስ አዘጋግ «ፋስት» ይሁን። «ስማርት» ከሆነ የተገናኘው ሰው ሁሉ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ በዚያ መሃል ባትሪው ያልቃል። ከሥራ ሰዓት ውጪ ዩፒኤሱን ከሶኬት ነቅለህ፣ መዝጊያው ከባትሪው ቀድሞ መጨረሱን በሰዓት ለካ።

ከሰበታ፦ መሥሪያ ቤቴ ለውጭ አገር ኮንፈረንስ በጀት የለውም። እዚሁ ሆኜ ከኮንፈረንስ መማር እችላለሁ?

መልስ፦ በደንብ ትችያለሽ፣ እህቴ። ብራስልስ ላይ በየዓመቱ የሚካሄደው ፎስደም የተባለው የሶፍትዌር ኮንፈረንስ መግቢያው ነጻ ነው፤ ገለጻዎቹም ተቀርጸው ኢንተርኔት ላይ ይለቀቃሉ። ኔትወርኩ ከከበደሽ ሌሊት በዝቅተኛ ጥራት አውርጂው፤ ስላይዱ ከተነበበ ይበቃል።

ዋናው አደጋ የተናጋሪውን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ ነው። እያንዳንዱን ገለጻ ስታዪ የዳታቤዙን ቨርዥን፣ የራሙን መጠን፣ የዳታውን ብዛትና ስንት ሰው እንደሚገናኝ ጻፊ። ተናጋሪው «ወርክ ሜም (ፖስትግሬስ ለሥራ የሚጠቀምበት የራም ልክ) 256 ሜጋባይት» ቢል፣ ያ መጠን ለጠቅላላው ሰርቨር አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የመደርደር ወይም የሃሽ (ዳታ የማዛመድ) ሥራ ነው። 100 ሰው ተገናኝቶ እያንዳንዱ አንድ አንድ ቢያስደረድር ከ25 ጊጋባይት በላይ ይፈልጋል። ያንቺ ሰርቨር 16 ጊጋባይት ከሆነ ሊኑክስ አንዱን የፖስትግሬስ ፕሮሰስ ሊገድል ይችላል፤ ያኔ ፖስትግሬስ የሁሉንም ግንኙነት ቆርጦ እንደገና ይነሳል። የመነሻው መጠን 4 ሜጋባይት ነው። ከባዱን ሪፖርት ለሚያወጣው ሴሽን (ግንኙነት) ብቻ ከፍ አድርጊለት እንጂ ለሁሉም አትክፈቺው።

ከዚያ ለውጡን እንድትሞክሪበት የትናንት ማታውን ባካፕ (የዳታ ቅጂ) ሌላ ማሽን ላይ መልሺ። ባካፑ የሚሠራ መሆኑንም በዚያው ታረጋግጫለሽ። ለዳታቤዙ የምታቀርቢውን ጥያቄ (ኩዌሪ) ከለውጡ በፊትና በኋላ፣ የፈጀውን ጊዜ በሚያሳየው በኤክስፕሌን አናላይዝ ትእዛዝ ሦስት ሦስት ጊዜ አስኪጂ። የመጀመሪያው ከዲስክ ስለሚያነብ ይዘገያል፤ እሱን ለብቻው ያዢው።

ከገላን፦ «ኃይሉ» ብለን ስንፈልግ «ሀይሉ» ተብሎ የተመዘገበው ደንበኛ አይወጣም።

መልስ፦ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። መታወቂያው ላይ ያለውን ስም አትለውጡ። ከጎኑ ሁለተኛ ዓምድ ጨምሩና ፊደል በሚተካው በትራንስሌት ትእዛዝ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነ ሰባቱ ቤት ቀይሩ። ሃ፣ ሓና ኃ በቀጥታ ወደ ሀ፣ ኣና ዓም በቀጥታ ወደ አ ይሂዱ። የሚፈለገውንም ቃል በዚያው አሳልፉት፤ ፍለጋውን የሚያፈጥነው ኢንዴክስ አዲሱ ዓምድ ላይ ይሁን።

ከዱከም፦ ኦራክል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የጽሑፍ ዓምዱን ቫርቻር2 20 ብለን ስድስት የግዕዝ ፊደል ብቻ ይቀበላል።

መልስ፦ ሲፈጠር 20 ባይት ሆኖ ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «20 ቻር» ብላችሁ አስተካክሉት።

ከቡራዩ፦ በኢትዮጵያ ቀን ስናስገባ ዳታቤዙ ጳጉሜ 3ን አይቀበልም።

መልስ፦ ጳጉሜ ቢያንስ እምቢ ስለሚል ይታያል። የዴት (የቀን) ዓምድ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ መስከረምን 1ኛ ወር ብላችሁ ስታስገቡ ጃንዋሪ፣ ጥቅምትን 2ኛ ስትሉ ፌብሩዋሪ ይመስለዋል፤ ጥቅምት 30ንም ፌብሩዋሪ 30 የለም ብሎ አይቀበለውም። የሚከፋው ሳይታይ የሚያልፈው ነው፦ ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 አንድ ቀን ሆኖ ሳለ ዳታቤዙ ጃንዋሪ 31ን አስገብቶ ሁለት ይቆጥራል። ሲገባ ወደ ፈረንጅ ቀን ቀይራችሁ አስቀምጡ፣ ሲታይ ወደ ኢትዮጵያ መልሱ። የቆየውን ዳታ መጀመሪያ ቅጂ ላይ አስተካክሉ፤ ወለድ የሚሰላበት ሠንጠረዥ ካለ ከእሱ ጀምሩ።