መጽሐፍን በራስ ወጪ ማሳተም፦ ከአንባቢያን የደረሱ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ መጽሐፋቸውን ያለ አሳታሚ ድጋፍ፣ በራሳቸው ወጪ ለማውጣት ከተሰናዱ ጸሐፊዎች የመጡ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ የጠያቂዎቹን ስም ትቼ አቀርባቸዋለሁ። በአርትዖትና በገጽ ቅንብር ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ መልሶቼ ወደ ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ቢያደሉ አንባቢ ይታገሠኝ።

«212 ገጽ የሆነ ልቦለድ አለኝ። ማተሚያ ቤቱ 3,000 ቅጂ ካሳተምኩ የአንዱ ዋጋ በእጅጉ እንደሚቀንስልኝ ነግሮኛል። ስንት ላሳትም?» (መምህር፣ ከሐዋሳ)

ማተሚያ ቤቱ አልዋሸዎትም፤ የነገረዎት ግን ለእርሱ የሚመቸውን ግማሽ ነው። በኦፍሴት ህትመት ፕሌት (ጽሑፉ የሚቀረጽበትን የማሽኑን ሉህ) ለማውጣት፣ ማሽኑን ለማስተካከልና ቀለሙ እስኪስተካከል ድረስ ለሚበላሸው ወረቀት የሚወጣው ገንዘብ 500 ቢታተምም 3,000 ቢታተምም ብዙም ስለማይለያይ፣ ቅጂው በበዛ ቁጥር ለአንዱ የሚደርሰው ድርሻ ያንሳል። ይህ ርካሽ ዋጋ እውነት የሚሆነው ግን ሁሉም ሲሸጥ ነው። ከ3,000ው 1,000 ተሸጦ 2,000ው ካርቶን ውስጥ ከቀረ፣ የተሸጠው እያንዳንዱ ቅጂ ያስወጣዎት ገንዘብ ማተሚያ ቤቱ ከነገረዎት ሦስት እጥፍ ይሆናል።

እስቲ በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ለስሌት እንዲመቹ ነው እንጂ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አርትዖቱን፣ ሽፋኑንና ህትመቱን ጨምሮ 1,000 ቅጂ 200,000 ብር ፈጀ እንበል። የሽፋን ዋጋው 400 ብር ቢሆንና አከፋፋዩ 35 በመቶ ቢወስድ፣ ለእርስዎ ከእያንዳንዱ 260 ብር ይቀራል። ያወጡትን ገንዘብ ለመመለስ ብቻ 770 ቅጂ መሸጥ አለበት። ለጋዜጠኛ፣ ለዘመድ፣ ለቤተ መጻሕፍትና «ፈርምልኝ» ላለ የሥራ ባልደረባ 80 ቅጂ ቢሰጡ (ይሰጣሉም)፣ ቀሪው ሁሉ ተሸጦ በእጅዎ የሚገባው ትርፍ 39,200 ብር ነው። ይህን ስሌት በራስዎ ቁጥሮች ወረቀት ላይ ሳይሠሩ ቀብድ አይክፈሉ።

ለመጀመሪያ መጽሐፍ የእኔ ምክር ከ500 እስከ 1,000 ቅጂ ነው። እኔ ራሴ የመጀመሪያዬን 3,000 አሳትሜ፣ ካርቶኖቹ ሳሎን ግድግዳ ሥር ተደርድረው፣ ጨርቅ ለብሰው ለእንግዳ መቀመጫ ሆነው ሁለት ዓመት ቆይተዋል፤ እናቴ «ይኼ ሶፋ መቼ ነው የሚሸጠው?» ትለኝ ነበር።

ስለ 212 ገጹም አንድ ነገር ልበል። ማተሚያ ቤት መጽሐፍ የሚቆጥረው በአብዛኛው 16 ገጽ በሚይዝ ፎርም (በአንድ ላይ ታትሞ በሚታጠፍ ትልቅ ወረቀት) ነው። 212 ገጽ ማለት 13 ፎርምና 4 ትርፍ ገጽ ስለሆነ፣ ለእነዚያ ለ4ቱ ገጾች ሌላ ፕሌትና ሌላ የማሽን ዙር ይጠየቃሉ። የገጽ ቅንብር ባለሙያዎ የምዕራፍ መክፈቻዎችን ባዶ ቦታ ጥቂት ጥቂት ቢያጠብ 208 ላይ ይቆምልዎታል። ፊደሉን በማሳነስ ግን አይሞክሩት፤ ለዓይን የሚያስቸግር መጽሐፍ ሁለተኛ አይገዛም።

«ረቂቄን አምስት ጓደኞቼ አንብበው ወደውታል። ለአርታዒ መክፈል የግድ ነው?» (ከባሕር ዳር)

የወደዱት ስለሚወዱዎት ሊሆን ይችላል። ጓደኛ ታሪኩን ሲከተል የቃሉን አጻጻፍ አያይም፤ አርታዒ የሚከፈለው ግን ጓደኛ ያለፈውን እንዲያይ ነው። በአማርኛ ይህ በተለይ የሚከብደው በሞክሼ ፊደላት ምክንያት ነው። በቅርቡ በእጄ በገባ አንድ ረቂቅ ገጽ 12 ላይ «ኃይሉ» የተባለው ሰው ገጽ 90 ላይ «ሀይሉ»፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ «ሃይሉ» ሆኖ አገኘሁት። ለአንባቢ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ፍለጋ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ይህን በአንድ ጊዜ ለማስተካከል ብለው «ፈልግና ተካ» የሚለውን ትእዛዝ በጅምላ አይስጡ። ያው ጸሐፊ «ስራ» የሚለውን ሁሉ «ሥራ» በሚለው እንዲተካ አዝዞ፣ «እስራኤል» በመጽሐፉ ሙሉ «እሥራኤል» ሆና፣ «እስራት» ደግሞ «እሥራት» ሆኖ መጥቷል። የተሻለው መንገድ አንድ ገጽ ወረቀት ወስዶ የመረጡትን አጻጻፍ (ሥራ፣ ዓለም፣ ፀሐይ፣ የሰዎችና የቦታዎች ስም) መመዝገብና ለአርታዒውም፣ ለገጽ ቅንብር ባለሙያውም መስጠት ነው። የትኛውን አጻጻፍ መረጡ የሚለው ያከራክር ይሆናል፤ ከመረጡት አለመውጣት ግን ግዴታ ነው።

አቅምዎ ለሙሉ አርትዖት ካልበቃ፣ ቢያንስ የመጨረሻውን እርማት ጽሑፉን ከዚያ በፊት ላላየ ሰው፣ በወረቀት አትመው ይስጡ። የራስዎን ስህተት ራስዎ አያዩትም፤ ዓይንዎ የሚያነበው የጻፉትን ሳይሆን ሊጽፉ ያሰቡትን ነው።

«ጽሑፌን ማተሚያ ቤት ስወስደው ግማሹ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ተከፈተ። ምን ሆነ?» (ከደሴ)

ጽሑፉ የተተየበው ከዩኒኮድ (የየቋንቋውን ፊደል በየትኛውም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ከሚያደርገው የኮድ ሥርዓት) በፊት በነበረ አሠራር ሳይሆን አይቀርም። የቀድሞዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የአማርኛውን ፊደል ለላቲን ሆሄያት በተመደበው ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ከሥር ያለው ላቲን ብቅ ይላል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ አለውና አዲስ ሥራ በአሮጌው ዘዴ መጀመር አያስፈልግም። ያለዎትን ጽሑፍ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ከለወጡ በኋላ እንደ ቋ፣ ኋ፣ ጓ ያሉትን ፊደላትና ሥርዓተ ነጥቦቹን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ በመቀየር ጊዜ ቀድመው የሚጠፉት እነርሱ ናቸው። ለማተሚያ ቤት የሚሰጠው ደግሞ የዎርድ ፋይል ሳይሆን ፎንቱ በውስጡ የተካተተበት ፒዲኤፍ ይሁን።

«አይኤስቢኤን ካወጣሁ የቅጂ መብቴ ተጠበቀ ማለት ነው?» (ከብዙዎች)

አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አይኤስቢኤን መጽሐፉን በንግድና በቤተ መጻሕፍት የሚለይ ባለ 13 አሃዝ ቁጥር ሲሆን፣ በአገራችን የሚሰጠው ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ «ወመዘክር» የምንለው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነው። 978-99944 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ካዩ የኢትዮጵያ ነው። ጽሑፉ ሳይለወጥ እንደገና ሲታተም ቁጥሩ ያው ይቀጥላል፤ ይዘቱ ተሻሽሎ አዲስ እትም ሲሆን፣ ወይም ያው መጽሐፍ በኤሌክትሮኒክ መልክ ሲወጣ ግን ሌላ ቁጥር ይጠይቃል። ብዙ ጸሐፊዎች «ሁለተኛ እትም» ብለው የሚጽፉት በእርግጥ ሁለተኛ ህትመት ነው፤ ልዩነቱን ቢጠብቁ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችም፣ ለአንባቢም ይጠቅማል።

የቅጂ መብት ግን ሥራው እንደ ተፈጠረ የሚገኝ መብት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃውን በምዝገባ ላይ አልመሠረተውም፤ የኢኮኖሚ መብቱም ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ይህ ማለት መመዝገብ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያስመዘገቡት ሥራ ክርክር ቢነሣ «የማን ነው፣ መቼ ተጻፈ» ለሚለው ጥያቄ በእጅዎ ያለ ማስረጃ ይሆናል።

«ኑሮዬ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ መጽሐፌ 240 ገጽ ነው። አዲስ አበባ አሳትሜ ላስመጣው ወይስ እዚሁ ላሳትም?»

በመጀመሪያ ይመዝኑት። በኤ5 መጠን፣ በካሬ ሜትር 70 ግራም በሚመዝን ወረቀት የታተመ ባለ 240 ገጽ መጽሐፍ ከነሽፋኑ 280 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ 1,000 ቅጂ 280 ኪሎ ነው። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ የተፈቀደለት መንገደኛ የሻንጣዎቹ ክብደት ተቀንሶ ይዞልዎት ሊመጣ የሚችለው ከ140 ቅጂ አይበልጥም፤ እርሱም ሽሮና በርበሬውን ትቶ ነው፤ ይህን እሺ የሚል ዘመድ ካለዎት ዕድለኛ ነዎት።

ለምረቃና ለማኅበረሰብ ዝግጅት የሚሆነውን 100 ወይም 150 ቅጂ አዲስ አበባ አሳትሞ ማስመጣት፣ ለቀሪው ደግሞ ሲታዘዝ ብቻ የሚታተምበትን እንደ አማዞን ኬዲፒ ያለ አገልግሎት መጠቀም የተሻለ ይመስለኛል። በዚህ መንገድ ካርቶን አይከማችብዎትም፣ ቅድሚያ የሚከፍሉት የህትመት ገንዘብም የለም። ነገር ግን ከመጀመርዎ በፊት አገልግሎቱ የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር ይመልከቱ፤ ለወረቀት መጽሐፍና ለኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ የሚሠራው ደንብ አንድ አይደለም። ከዚያም አንድ የናሙና ቅጂ ለራስዎ አዝዘው እስኪያዩ ድረስ ለሽያጭ አይልቀቁት። ነጻውን አይኤስቢኤናቸውን ከወሰዱ ቁጥሩን ይዘው ወደ ሌላ አታሚ መሄድ አይችሉም። አሜሪካ ውስጥ ለገዢ በፖስታ ሲልኩ ደግሞ ለመጻሕፍት የተመደበውን «ሚዲያ ሜይል» ይጠይቁ፤ ቀስ ብሎ ይደርሳል፣ ግን ርካሽ ነው።

ይህንኑ ከኢትዮጵያ ሆነው ለሚያስቡ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ በሁለቱ አገሮች መካከል የግብር ስምምነት ስለሌለ አሜሪካ ውስጥ ከሚገኘው የደራሲ ድርሻ 30 በመቶ በግብር ይቆረጣል። ዋጋ ሲተምኑ ይህን አስቀድመው ያስቡት።

«አከፋፋዩ 400 መጽሐፍ ከወሰደ ስምንት ወር ሆነው። ስደውል 'አልተሸጠም' ይለኛል፤ መጽሐፌን ግን አዟሪዎች እጅ አያለሁ።» (ከአዲስ አበባ)

ሲያስረክቡ ምን ፈረሙ? ብዙ ጸሐፊ በዚህ ጥያቄ ላይ ዝም ይላል። በዱቤ የተሰጠ መጽሐፍ ያለ ወረቀት ከሄደ የሚመለሰው በሰው ቸርነት ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ፣ የቅጂው ብዛት፣ የቅናሹ መጠን፣ ሂሳብ የሚተሳሰቡበት ቀን (እኔ በየሦስት ወሩ እላለሁ) እና ያልተሸጠው በምን ሁኔታ እንደሚመለስ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። በአንድ ጊዜም 400 አይስጡ፤ 100 ሰጥተው ሂሳቡ ሲመጣ 100 ይጨምሩ። ለአሁኑ ግን በስልክ መመላለሱን ትተው መደብሩ ድረስ ይሂዱና የቀረውን ቆጥሮ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ከ400ው በመደርደሪያውና በመጋዘኑ የሌለው በሙሉ ተሸጧል ማለት ነውና ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

«መጽሐፌ በሁለተኛው ወር በፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። ምን ማድረግ እችላለሁ?» (ከአዳማ)

ከመናደድዎ በፊት ማስረጃውን ይያዙ፦ የቻናሉ ስም፣ የተለጠፈበት ቀንና የተመልካቹ ቁጥር የሚታይበትን የስክሪን ፎቶ ያንሱ፣ የልጥፉን ሊንክም ይቅዱ። ከዚያ ቴሌግራም ለቅጂ መብት አቤቱታ ባዘጋጀው መንገድ ሊንኩንና የባለቤትነት ማስረጃዎን አያይዘው ያመልክቱ። የአገራችን ሕግም ቀላል አይደለም፤ መብቱን ሆን ብሎ የጣሰን ሰው በእስራት ይቀጣል፣ ካሳም መጠየቅ ይቻላል።

ይልቅ ፒዲኤፉን ከፍተው በጥንቃቄ ይዩት። ገጾቹ በስልክ ካሜራ የተነሡ ከሆኑ የአንባቢ ሥራ ነው። ፊደሉ ጥርት ያለ፣ የሚቀዳና የሚፈለግ ከሆነ ግን የወጣው ከዋናው ፋይል ነው፤ ያ ፋይል ደግሞ በስንት ሰው እጅ እንደነበረ እርስዎ ያውቃሉ። ለወደፊቱ አስተያየት ለሚሰጡ ሰዎች የሚልኩትን እያንዳንዱን ቅጂ በየገጹ ግርጌ የተቀባዩን ስም ጽፈው ይላኩ።

«በምዕራፎቼ መግቢያ ላይ የታወቁ ዘፈኖችን ግጥም ማስገባት እችላለሁ?» (ከጎንደር)

አዋጁ ምንጩንና የደራሲውን ስም ጠቅሶ፣ ለዓላማው በሚበቃ መጠን ጥቅስ መውሰድን ይፈቅዳል። አንድ ስንኝ ለሐሳብዎ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ አንድ ነገር ነው፤ በ18 ምዕራፍ መግቢያ ላይ 18 ዘፈን አዝማቹን ሙሉ ማስቀመጥ ሌላ ነው። ለሁለተኛው ፈቃድ ይጠይቁ፣ በጽሑፍም ይቀበሉ፤ የግጥሙ ደራሲና ዘፋኙ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ ፈቃዱ ከትክክለኛው ባለመብት መምጣቱን ያረጋግጡ።