ከካንዲ ውሻ ጀምሪ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የጆን ስታይንቤክን «ኦፍ ማይስ ኤንድ ሜን» የተባለ ልቦለድ አንብበን ገጸ ባሕርይውን፣ መቼቱንና ጭብጡን እንድንተነትን ታዘን ነበር። ሦስቱንም ለየብቻ ጽፌ ሰጠሁ። መምህሬ «ታሪኩን ነው የደገምሽልኝ» ብለው መለሱልኝ። ምን ላድርግ? ደግሞስ ጆርጅ ጓደኛውን ሌኒን መግደሉ ወንጀል ነው ወይስ ውለታ? (ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ልጄ፣ ሦስቱን ከለያየሻቸው ታሪኩን ከመድገም አትወጪም። አንድ ትዕይንት ምረጪና እሱ ላይ ቆዪ። እኔ ብሆን ከካንዲ ውሻ እጀምራለሁ፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው።

ካንዲ እርሻው ላይ እጁን ያጣ ሽማግሌ ነው። አሁን ጠራጊ ሆኗል። ውሻውን ከቡችላነቱ ጀምሮ አሳድጎታል። የእርሻው ሠራተኛ ካርልሰን ግን «ይሸታል፣ ጥርስ የለውም፣ ለምንም አይጠቅምም፤ ልግደለው» ብሎ ድርቅ ይላል። ካንዲ ሠራተኛው ሁሉ የሚያከብረውን የስሊምን ዓይን ዓይን ያያል፣ ያስጥለኛል ብሎ። ስሊም ለካርልሰን ይፈርዳል። ከዚያ ቤቱ ሙሉ ሰው ተኩሱን ይጠብቃል። ስለ ውሻው ግን ማንም አያወራም። ስታይንቤክ «ካንዲ አዘነ» አይልሽም። ጋደም ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ፣ ተኩሱ ሲሰማ ደግሞ ወደ ግድግዳው ሲዞር ያሳይሻል። እኔ ይህን ያነበብኩት ወመዘክር ቁጭ ብዬ ነው። መጽሐፉን ከድኜ ወጣሁ።

መቼቱን «ካሊፎርኒያ፣ ሶሌዳድ አጠገብ፣ 1930ዎቹ» ብለሽ አትለፊው። መኝታ ቤቱን እዪው። የእያንዳንዱ ሰው ንብረት ከአልጋው በላይ በተመታች የፖም ሳጥን ውስጥ ያልቃል። ጉልበት ሲያልቅ መውደቂያ የለም፤ ካንዲም ውሻው ላይ የራሱን ነገ ነው ያየው። ጠዋት ወደ ፒያሳ ስትወጪ ግንባታ ደጃፍ ሥራ ከሚጠብቁት የቀን ሠራተኞች መካከል «ትንሽ ልያዝና አገሬ ገብቼ በሬ እገዛለሁ» የሚል አታጪም። ከእርሻ እርሻ እየዞሩ የሚሠሩት የጆርጅና የሌኒ ሕልምም እንዲሁ ነው። ደመወዛቸው በወር 50 ዶላር፣ የሚመኙት መሬት 600። ካንዲ ያለችኝን 350 ዶላር ላዋጣ የሚላቸው ውሻው በተገደለበት በዚያው ምሽት ነው። ፈርቷላ! ሕልሙ የሚጨበጥ የመሰለው ያኔ ነው፤ መፍረሱ የሚያንገበግበውም ለዚህ ነው። ጭብጡን ከዚህ አውጪው።

ወደ ጆርጅ እንምጣ። ካንዲ በኋላ ውሻዬን ራሴ መግደል ነበረብኝ፣ ለባዳ መስጠት አልነበረብኝም ይለዋል። ጆርጅ ይህን ሰምቷል። የተኮሰውም በካርልሰን ሽጉጥ ነው፤ ያውም ካርልሰን ለውሻው ባሳየው ቦታ፣ ከጭንቅላቱ ኋላ። ሌኒ ሳያስበው የእርሻውን አለቃ ልጅ የከርሊን ሚስት ገድሏል፤ ከርሊም አሰቃይቶ ሊገድለው እየመጣ ነበር። ለእኔ ያደረገው ከፍቅር ነው። ውለታ ለማለት ግን አፌ አይደፍርም፤ ጆርጅ ራሱ እንደዚያ የተሰማው አይመስልምና።

ቦታ ከተረፈሽ የከርሊን ሚስት አትርሺያት። ስም እንኳ አልተሰጣትም። የሲኒማ ተዋናይ የመሆን ሕልሟን ለሌኒ ስትነግረው ሊገድላት ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው። እሷን ከካንዲ ጋር አስተያይተሽ ጻፊ።