የበቆሎ ዳቦዬ ለምን ይፈረፈራል?

ጥያቄ፦ እናቴ በኮባ የምትጋግረውን የበቆሎ ዳቦ ልሞክር ብዬ ሦስት ጊዜ ጋገርኩ። ሦስቴም ስቆርሰው ፍርፍር አለ። እርሾ ልጨምር? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይዞሽ፣ ጥፋቱ የእርሾው አይደለም። በቆሎ እንደ ስንዴ ሊጡን አያይዞ የሚይዝ ግሉተን የለውም፤ ብቻውን ከጋገርሽው መፈርፈሩ አይቀርም። ለ2 ኩባያ የበቆሎ ዱቄት 1 ኩባያ የስንዴ ዱቄት ይበቃል። ዋናው ዘዴ ግን ሌላ ነው፦ መጀመሪያ የበቆሎውን ዱቄት ብቻውን በፈላ ውሃ ለውሺውና ከድነሽ ተይው፣ ውሃውን ጠጥቶ ይለሰልሳል፣ ያ አሸዋ አሸዋ የሚለው ነገርም ይቀንሳል። ለብ ሲል ነው እርሾው፣ ስንዴው፣ ጨውና ጥቁር አዝሙዱ የሚገባው፤ ትኩሱ ላይ ከጨመርሽ እርሾው ይሞታል (እኔ ራሴ ስንቴ ገድዬዋለሁ!)። ሊጡ ከስንዴ ሊጥ ረገብ ይበል። ኩፍ ሲል ኮባ ባነጠፍሽበት ምጣድ ላይ ገልብጪው፣ ከላይም ኮባ አልብሺው። እሳቱ መጠነኛ ይሁን። ኮባ ካጣሽ የሙዝ ቅጠልም ይሆናል። ኦቭን ካለሽ 180 ዲግሪ ላይ 45 ደቂቃ ያህል። እና እባክሽ ትኩሱን አትቁረሺው! ሽታው እንደሚፈትን አውቃለሁ፣ ግን በንጹህ ጨርቅ ሸፍነሽ እስኪበርድ ጠብቂ።