ሥጋ ብቻ መብላት ለጀመራችሁ ባሕር ዳሮች፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ሥጋ፣ ዓሳ፣ ዕንቁላል፣ ቅቤ። እንጀራ የለ፣ ሽሮ የለ፣ ፍራፍሬ የለ። ካርኒቮር የሚባለው አመጋገብ ይኸው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በዙሪያዬ የሚሞክሩት ሰዎች እየበዙ ነው፤ ብዙዎቹም በመጀመሪያው ሳምንት ታመው ይተዉታል። ስለዚህ ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ አምጡ አልኩ። የመጡትን ከነመልሳቸው እነሆ።

ሐኪም አይደለሁም። በዚህ አመጋገብ ዓመታት ቆይቻለሁ፣ ብዙ አንብቤያለሁ፣ ጀማሪዎችንም አግዣለሁ። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ያለባችሁ ግን ምንም ከመጀመራችሁ በፊት ለአንዲት እናት የሰጠሁትን መልስ ፈልጋችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ብስክሌት ስነዳ ልቤ ድው ድው ይላል። ልተወው?

ከመተውህ በፊት ጨው ጨምር። እንጀራና ዳቦ ስታቆም ሰውነትህ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ያስቀመጠውን ስኳር ይጨርሰዋል። ግላይኮጅን ይባላል። እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ገደማ ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ እሱ ሲያልቅ ውሃውም አብሮት ይወጣል። ኢንሱሊን ዝቅ ሲል ደግሞ ኩላሊት ጨውን በሽንት ትለቃለች። ቶሎ ቶሎ የምትሸናውም፣ ራስህን የሚፈልጥህም ለዚህ ነው።

ቅልጥም ግዛ። በብዙ ውሃ፣ በትንሽ እሳት ለረጅም ሰዓት ይንተክተክ። ሾርባውን በትልቅ ኩባያ ቀዳና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምርበት። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ቢጫ ስብ አትግፈፈው፤ አብረህ ጠጣው። ራስ ምታቱ ወዲያው ቀለል ሲልላቸው ያየኋቸው ብዙ ናቸው። በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ፀሐይ ሲከር ላቡም ጨው ይዞ ይወጣል። ብስክሌት ለሚነዳ ሰው ይብሳል።

ጨዉ አዮዲን ያለው ይሁን። የጣና ዓሳ የጨው ባሕር ዓሳ ስላልሆነ አዮዲኑ ትንሽ ነው፤ እንቅርት ደግሞ በአገራችን ብርቅ አይደለም። ጨዉን የምትጨምረው ምግቡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

የልብ ምቱ ስትነዳ ብቻ ከሆነ አንድ ሁለት ሳምንት ቀስ ብለህ ንዳ። ቁጭ ብለህም የሚመታ ከሆነ፣ ወይም ራስህን የሚያዞርህ ከሆነ ግን ሾርባ እየጠጣህ አትጠብቅ። ሄደህ ታከም።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ደጃችን ነውና እኔ የያዝኩት ዓሳ ነው። ጠዋት ቀረሶ፣ ማታ ቀረሶ። ሆዴ ይሞላል፣ ግን ወዲያው ይርበኛል፤ ያቅለሸልሸኛልም። እስከ መቼ ነው እንዲህ የምሆነው?

ስብ እስክትጨምር ድረስ ነው ወንድሜ። እዚህ ከተማ በጣም የማየው ችግር ይኼ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ቀረሶ ግሩም ምግብ ነው፤ ስብ ግን የለውም። 100 ግራም የበሰለ የቀረሶ ሥጋ 26 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲኖረው ስቡ ሦስት ግራም እንኳ አይሞላም። ካሎሪው 130 ቢደርስ ነው። ከአጥንት የተላቀቀ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ብትበላ እንኳ 650 ካሎሪ አካባቢ ነው ያገኘኸው። አዋቂ ሰው፣ ያውም ሲሠራ የሚውል፣ በቀን ሁለቴ እንዲህ በልቶ እንዴት ይጠግባል? እንጀራውን ስታነሳ ዋናውን የጉልበት ምንጭህን አነሳህ። ቦታውን መያዝ ያለበት ስብ ነው። ፕሮቲን ብቻውን አይችለውም፤ ጉበት ፕሮቲንን አጣርታ የምትጨርስበት አቅም ልክ አለው። ከልኩ ሲያልፍ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥና የማይቆም ረሃብ ይከተላል።

ነገሩ ድሮም የታወቀ ነው። ቪልያልሙር ስቴፋንሰን የሚባል፣ በሰሜን ዋልታ አካባቢ ከኢኑዊት ሕዝብ ጋር የኖረ አሳሽ ነበር። በ1928 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ከካርስተን አንደርሰን ጋር ኒውዮርክ፣ ቤልቪው ሆስፒታል ገባ። በሐኪሞች ክትትል ሥጋ ብቻ ሊበሉ ነው። ስቴፋንሰን መጀመሪያ የተሰጠው ስቡ የተነሳለት ቀይ ሥጋ ነበር። በጥቂት ቀን ውስጥ በማቅለሽለሽና በተቅማጥ ታመመ። ስብ ሲጨመርለት ተሻለው፤ ሁለቱም ሙከራውን ዓመት ያህል ገፉበት።

ስለዚህ ዓሳህን ይዘህ ስብ ጨምርበት። በዘይት ከምትጠብሰው በለጋ ቅቤ ወይም በሞራ ጥበሰው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን 120 ካሎሪ አካባቢ አለው። ሥጋ ቤት ስትሄድ ሞራ ጠይቅ። ቤት ወስደህ በትንንሹ ቆራርጠህ፣ ብረት ድስት ውስጥ በዝግታ አቅልጠው። ቁርጥራጩ ቡናማ ሆኖ መንሳፈፍ ሲጀምር አጥልለህ ማሰሮ ውስጥ ገልብጠው። ሲረጋ ነጭ ሆኖ ይጠነክራል። ቀረሶ እሱ ላይ ሲጠበስ ቆዳው ይኮማተርና ቀጭ ቀጭ ይላል። ሽታው ካስቸገረህ መጀመሪያ ለዕንቁላል ተጠቀምበት፤ ቀስ እያልክ ትለምደዋለህ።

ጥያቄ፦ ሽንት ቤት ከሄድኩ አራት ቀን ሆነኝ። ደህና ነው?

ሆድሽን ካልቆረጠሽና ካልተነፋሽ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። አሰር (ፋይበር) የሌለው ምግብ ስለሆነ የሚወጣው ያንሳል። ከደረቀብሽና ካማጠሽ ውሃ፣ ጨውና ስብ ጨምሪ። አይብ አብዝተሽ ከሆነ ቀንሺ። ተቅማጥ ከሆነ ደግሞ በአንዴ ብዙ የቀለጠ ስብ ጠጥተሽ ይሆናል፤ በትንሽ በትንሹ አድርጊው። ደም ካየሽ ግን ከአመጋገቡ ጋር አታያይዢው፣ ታከሚ።

ጥያቄ፦ እኔ ጾመኛ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፣ ሁሉንም እጾማለሁ። ለእኔ ይሆናል?

እውነቱን ልንገርሽ፣ ዓመቱን ሙሉ አይሆንም። ጾምሽን ፍቺ የሚልሽ ሰው ካለ ከእኔ አልሰማሽም። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብን ስትጨምሪ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ሰውነት ስብ ማቃጠልን እስኪለምድ ሳምንታት ይወስድበታል። ሥጋውን ጥቂት ቀን በልተሽ በጾሙ ቀን እንጀራ በሽሮ ስትበዪ ልምዱ ይቋረጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ራስ ምታት በየሳምንቱ እየተመላለሰ ይመጣብሻል፣ ጥቅሙን ግን አታዪውም።

መላው ከጾም አቆጣጠራችን ውስጥ አለ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ይህን ነገር መሞከር ለሚፈልግ ጾመኛ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላውቅም። በፋሲካ ዕለት ግን አትጀምሪው። ሁለት ወር ሊሞላ ትንሽ ለቀረው ጊዜ ቅቤ ያልነካው ሆድ ላይ ዶሮ ወጥ፣ ክትፎና ጥብስ በአንዴ ሲወርድበት ምን እንደሚሆን የበዓል ማግስት ሁላችንም እናውቃለን። የመጀመሪያውን ሳምንት እንጀራሽን እየቀነስሽ ዕንቁላል፣ ቅቅልና ሾርባ ብዪ። ከዚያ ወደ ጮማው። የሰኔ ጾም ሲገባ ደግሞ ወደ ምስርና ሽሮ በቀስታ ተመለሺ፤ ጥራጥሬው መጀመሪያ ላይ ሊነፋሽ ይችላል።

በጾም ዓሳ ይበላል አይበላም ለሚለው፣ ባሕር ዳር ውስጥ የሚበላም የማይበላም አለ። እሱን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ስኳር አለብኝ፣ መድኃኒትም እወስዳለሁ። የጎረቤቴ ስኳር ሥጋ ብቻ በልታ ወረደላት አሉኝ። እኔም ልጀምር?

እማማ፣ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አንድም ቀን እንዳይጀምሩ። እውነት ነው፣ እንጀራና ዳቦ ሲቀር ስኳር ይወርዳል። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስዱ ከሆነ መጠኑ የተሰላው እንጀራ እየበሉ ነው። እንጀራው ቀርቶ መድኃኒቱ እንዳለ ከቀጠለ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ራስዎን ሊያስትዎ ይችላል። የሚያልብዎት፣ የሚያንቀጠቅጥዎት ወይም የሚያደናግርዎት ከሆነ ወዲያውኑ ጣፋጭ ነገር ይውሰዱ፤ እዚያ ላይ ስለ አመጋገብ አይጨነቁ። ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ይህ ስጋት ያነሰ ነው። ስማቸው «ፍሎዚን» ብሎ የሚያልቅ፣ እንደ ኤምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ያሉ መድኃኒቶች ግን ከዚህ አመጋገብ ጋር ሲገጥሙ ደምን አሲዳማ የሚያደርግ ከባድ ችግር ሊያመጡ ይችላሉ።

የግፊት መድኃኒት የምትወስዱም ተጠንቀቁ፤ ውሃና ጨው ሲወጣ ግፊቱ አብሮ ወርዶ ብድግ ስትሉ ሊያዞራችሁ ይችላል። ከላይ ለወጣቱ የነገርኩትን የጨው ሾርባም በራሳችሁ አትሞክሩት። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ይህን አመጋገብ ይተወው። ሪህ ያለበትም እንዲሁ፤ ሥጋ፣ በተለይ ጉበትና ኩላሊት፣ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ቁርጥ ብበላስ? ሥጋው እሳት ሳይነካው ይሻላል የሚሉ አሉ።

ቁርጥ እንደምንወድ አውቃለሁ፤ ያደግንበት ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚበላ ሰውና በየቀኑ ሥጋ የሚበላ ሰው ግን አንድ አይደሉም። የኮሶ ትል እንቁላሉን የበላ ከብት ሥጋ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በቀን ሁለቴ ጥሬ ብትበላ ዕድልህን በየቀኑ ሁለቴ እየሞከርክ ነው። ለብለብም ውስጡ ቀይ እስከሆነ ድረስ አይገድለውም። መሐሉ ድረስ ይብሰል። ሰገራህ ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ካየህ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። የሐይቅ ዓሳም ጥገኛ ትል አያጣውምና ጥሬውን አይበላም። ወተት ደግሞ ይፈላ።

ጥያቄ፦ ምግቡን ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት ሰው ቤት ነው። «በሞቴ» ሲሉኝ ምን ልበል?

እኔ ሁሌም የምመክረው ርቦህ ሰው ቤት እንዳትሄድ ነው። ዕንቁላልህን በቅቤ በልተህ ውጣ። ቡና ጠጣ፣ ስኳሩን ብቻ ተው። ዘጌ ደጃችን ሆና ቡና ተው የሚል ምክር ከእኔ አይወጣም። ቆሎውና ዳቦው ሲዞር ከፊትህ አሳልፈው፣ ማብራሪያ አታብዛ። «ሆዴን አሞኝ ሐኪም ከልክሎኛል» እያልክ አትዋሽ፤ «እንጀራ ትቻለሁ፣ ሥጋው ይበቃኛል» በል። ወጥ ከሆነ ሥጋውንና ዕንቁላሉን አንሳ። አያትህ ጉርሻ ካቀረቡልህ ግን ጉረስ! አንድ ጉርሻ ሰውነትህን አያበላሽም፤ እምቢታው ግን እሳቸውን ያሳዝናል።

ምግብ ቤት ስትገባ ጥብስህን ያለ ሽንኩርትና ያለ ዘይት፣ በቅቤ እንዲያደርጉልህ ቀድመህ ንገራቸው።

ጥያቄ፦ በዚህ ኑሮ ውድነት ሥጋ ብቻ ማን ይችለዋል?

ሽንጥና ጎድን ብቻ ካልክ አትችለውም። ቅልጥም፣ ጨጓራ፣ ልብና ምላስ ግዛ። ዕንቁላል በየቀኑ፣ ዓሳ ሐይቁ ዳር ከሚያወርዱት። ጉበት በሳምንት አንዴ በቂ ነው፤ ቫይታሚን ኤው ብዙ ስለሆነ በየቀኑ አይበላም። ለቤተሰብ ከሚገባው ወጪ ላይ ተቀንሶ የሚደረግ ከሆነ ግን ይቅርብህ። ልጆች እንጀራና ወጥ እየበሉ ይደጉ፤ ይህ አመጋገብ ለእነሱ አይደለም።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ...

አሁን አትጀምሪው። ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ያስፈልግሻል፣ ጉበት ማብዛትም ለፅንሱ ጥሩ አይደለም። ስታጠቢም እንደዚያው፤ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ።

ጥያቄ፦ በአንድ ሳምንት ብዙ ኪሎ ቀነስኩ። ኮሌስትሮሌስ?

የመጀመሪያው ሳምንት ኪሎ አብዛኛው ያ የወጣው ውሃ ነው። እንጀራ የበላህ ቀን ተመልሶ ይመጣል፣ አትደንግጥ። እውነተኛው ለውጥ ከወር በኋላ የሚታየው ነው።

ኮሌስትሮሉን በቁም ነገር ተመልከተው። ብዙ ሰው ላይ ጎጂው፣ ኤልዲኤል የሚባለው፣ ይጨምራል፤ አንዳንዱ ላይ በጣም ይጨምራል። ከመጀመርህ በፊት ተመርመር፣ ከሦስት ወር በኋላ ድገመው፤ የኩላሊት ምርመራውንም አብረህ አሠራ። ሽቅብ ከወጣ «ደህና ነኝ፣ ጉልበት አለኝ» ብለህ አትከራከር፤ የደም ሥር ሲደፈን አስቀድሞ አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ቀይ ሥጋን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከተባሉት ተርታ መድቦታል፤ እንደ ቋሊማ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ ደግሞ በእርግጠኝነት ከሚያመጡት። እኔ ለራሴ ለክቼ የገባሁበት ነገር ነው፤ እናንተም ይህን እያወቃችሁ ግቡ።

ጥያቄ፦ መብራት እየጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሥጋ ይበላሽብኛል። ምን ይሻላል?

ቋንጣ። በአንዴ ብዙ አትግዛ፤ ከተረፈህ ግን በዕለቱ ዘልዝለው። ስቡን ለይተህ አውጣ፤ ሲሰነብት የሚከረፋው እሱ ነው። አቅልጠህ ለብቻው አስቀምጠው። ቀዩን ሥጋ በቀጭን ጣት ውፍረት በረጅሙ ዘልዝለህ፣ በጨው አሽተህ፣ አየር በሚያገኝበት ገመድ ላይ አንጠልጥለው። አንዱ ዘለላ ሌላውን አይንካ። በርበሬውን ከፈለግህ ተወው፣ ጨዉን ግን አትቀንስ። በጋ ላይ ቶሎ ይደርቃል። ክረምት ላይ የሐይቁ አየር እርጥብ ስለሆነ ምድጃ ካለበት ክፍል ውጭ አትስቀለው። ስትበላው በቅቤ ጠብሰው። ስታጥፈው ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ገና ነው፤ ሻጋታ ካየህበት ደግሞ ፍቀህ አትብላው፣ ጣለው።